«ዛሬ» የምትለው ቃል፦ ስቅለትን በሰዓቱ መዋል

ብዙ ሰው ዓርብን በሐዘንና በስግደት ይውልና ተስፋውን ለእሑድ ሌሊት ያቆየዋል። ስቅለት በዚህ ዓይን ሲታይ የፋሲካ በር መጠበቂያ ይሆናል። ግብረ ሕማማቱን (የሕማማቱን የንባብና የጸሎት መጽሐፍ) በየሰዓቱ ለሚከታተል ሰው ግን ተስፋው እዚያው ዓርብ ላይ፣ ጨለማው መሐል ነው ያለው። ለዚህም ቀኑ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

የጸሎቱ ሰዓታት አምስት ናቸው፦ ነግህ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝና አሥራ አንድ ሰዓት። ነግህ ላይ በጲላጦስ ፊት መቆሙ፣ በሦስት መገረፉ፣ በስድስት መሰቀሉ፣ በዘጠኝ ነፍሱን መስጠቱ፣ በአሥራ አንድ መገነዙና መቀበሩ ይታሰባል። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው። ማቴዎስ «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጨለማ ሆነ» ሲል እኛ ስድስት ሰዓት የምንለው ያው ቀትር ነው፤ መደመርም መቀነስም የለም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ስልካችሁ 12 ሲል «ስድስት ሰዓት ሆነ» ብላችሁ ቁጠሩት፤ ጸሎቱ በምሳ ዕረፍታችሁ ላይ እንደሚውል ያኔ ይገባችኋል።

ቀኑን ማወቅ ያልተሳካለት ብዙ ነው፣ በተለይ ውጭ አገር። የእኛ ስቅለት በ2017 ከምዕራባውያን ጋር በአንድ ቀን (ሚያዝያ 10) ዋለ። በ2018 ሚያዝያ 2 ሲውል በአንድ ሳምንት ተለያየ፤ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 22 ስለሆነ ልዩነቱ አምስት ሳምንት ይሆናል። የቢሮውን ካላንደር ብቻ አይቶ ፈቃድ የጠየቀ ሰው የሌላውን ስቅለት አርፎ በራሱ ስቅለት ሥራ ይገባል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ስቅለት ከመጋቢት 24 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 28 አይወጣም። መጋቢት 27 የሚከበረው ጥንተ ስቅለት፣ የመጀመሪያው ስቅለት መታሰቢያ ነው፤ ቀኑ አይንቀሳቀስም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ነው። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ኩባያ የተፈተገ ስንዴና አንድ ኩባያ የባቄላ ክክ ይበቃል። ስንዴው ረቡዕ ማታ ይነከር፤ ብቻውን ተጥዶ መፍካት ሲጀምር ክኩ ይጨመርበት። ሁለቱን አብሮ የጣደ ሰው ስንዴው ሳይበስል ክኩ ገንፎ ይሆንበታል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ በልማዱም ጠንከር ይላል፤ የጌታን ጥም ለማሰብ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ከሐሙስ ቅዳሴ በኋላ ወይም ከዓርብ ጀምሮ የሚያከፍል (እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ የማይቀምስ) ሰው ያንን ጨው ተሸክሞ ነው ያለ ውኃ የሚውለው። የሚያከፍሉ ሰዎች ቀደም ብለው፣ ከረቡዕ ጀምሮ በቂ ውኃ ቢጠጡ ይሻላቸዋል። «ተጠማሁ» የሚለው ቃል ሲነበብ ከንፈሩ የደረቀ ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ቤተ መቅደስ ስትገቡ መጋረጃው ጥቁር ነው። ነጠላ በሐዘን ወግ ይለበሳል፣ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ። ሳምንቱን ሙሉ ተሳስሞ ሰላምታ የለም፤ ይሁዳ የሸጠው በመሳም ነውና። ካህኑም መስቀል አያሳልምም፤ አዲስ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲቀር አይከፋው፣ የተቆጡት መስሎት የሚመለስ አለ። ዓርብ ቅዳሴም የለም። («መልካም በዓል» የሚል ባለ አበባ መልእክት በስልክ መላላክም ቀኑን አይመስልም፤ ይቅር።)

ስግደቱ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ነው። አማትቦ፣ መጀመሪያ ጉልበት ይወርዳል፣ ከዚያ ሁለቱ መዳፎች፣ ከዚያ ግንባር፤ ሲነሡ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ኋላ። ጉልበቱን ሳያጥፍ በእጁ የሚወድቅ ሰው ከሰዓት በኋላ አንጓው ያብጣል። ሁለተኛው ስሕተት ፍጥነት ነው። አንድ ስግደት ለአንድ «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) ነው፤ ዜማውን የቀደመ ሰው ትንፋሹ ያልቅበትና ሦስት ሰዓት ላይ ቁጭ ይላል። ጾመኛ ደግሞ ድንገት ከቀና ዓይኑ ይጨልማል፤ ግንባርን ካነሡ በኋላ በጉልበት ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል መቆየት ያድናል። ለሲሚንቶ ወለል የታጠፈ ካርቶን ወይም ትንሽ ስጋጃ ይዞ መሄድ ነውር የለውም። እርጉዝ፣ የስኳር ሕመምተኛና በሰዓት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር የሚነጋገረው በሐሙስ እንጂ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ከወደቀ በኋላ አይደለም። ራስን ዝቅ አድርጎ ማመስገንም ስግደት ነው። ከቤት መውጣት ያልቻለ ባለ 41 ፍሬ መቁጠሪያውን ይዞ በየሰዓቱ አንድ ዙር «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበል።

ቀኑን ሙሉ መዋል ካልተቻለስ? ሰዉ የሚጎርፈው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ለወይራ ቅጠሉ ጥብጠባ ነው። ምርጫ ካላችሁ ግን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለውን ያዙ። የቀኑ ልብ እዚያ ነው።

በዚህ ሰዓት ሁለት ነገር ይሰማል። አንዱ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለው ጩኸት ነው። ይህ የመዝሙር መነሻ ነው፤ በእኛ ቁጥር 21ኛው፣ በሌላው 22ኛው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ የሰማ ሰው ተስፋ መቁረጥ ይመስለዋል። ቤታችሁ ገብታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፦ እጅና እግር መቸንከሩን፣ በልብስ ላይ ዕጣ መጣሉን ካለፈ በኋላ «በጉባኤም መካከል አመሰግንሃለሁ» ወደሚለው ይዞራል። አይሁዳዊ ሰሚ መነሻውን ሲሰማ መድረሻውንም ያውቀዋል።

ሌላው የፈያታዊ ዘየማን፣ በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ቃል ነው፤ በእኛ ትውፊት ጥጦስ ይባላል። «ተዘከረኒ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» አለ፤ ጌታ ሆይ፣ በመንግሥትህ አስበኝ። ሰውየው ምን እንዳየ አስቡ። ተአምር አላየም፣ ትንሣኤ ገና አልሆነም፤ አጠገቡ ያለው እንደ እሱ የተቸነከረ፣ የሚሰደብ ሰው ነው። ደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ ሸሽተዋል። መንግሥት አለህ ብሎ የጠየቀው በዚያ ሰዓት ብቻውን ነው። መልሱም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ሆነ። «ከሦስት ቀን በኋላ» አላለውም። ያ «ዛሬ» ዓርብ ነው። ሕዝቡ «ተዘከረነ» (አስበን) እያለ ሲሰግድ የሚለምነው በዚያው በወንበዴው አፍ ነው፤ ሥራው የተበላሸበት፣ የሚክስበት ጊዜ ያለቀበት ሰው ከዚህ የተሻለ የጸሎት ቃል አያገኝም። ዝርዝር የለውም፣ ምክንያት አይደረድርም፣ «አስበኝ» ብቻ።

ከዘጠኝ በኋላ ድካሙ ይበረታል፤ ንባቡ ይረዝማል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። አሥራ አንድ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ መቶ ነጥር ያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዘው ይገንዙታል። ሲገንዙት ያሉትን ትውፊታችን አቆይቶልናል፦ «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት»። የማይሞት ሕያው። አስከሬኑን እጃቸው ላይ ይዘው ነው ይህን የሚሉት።

ከዚያ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞሩ እግዚኦታ፣ የ«አቤቱ ማረን» ልመና፣ ይደርሳል፤ ምእመናኑም ተራ ይዘው ወደ ካህናቱ ይቀርባሉ። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን ይጠበጥባል፤ በሳምንቱ የበደሉትን የተናዘዙ እንደ አቅማቸው የስግደት ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሩን ያኔውኑ በቃል ያዙት፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው ከበር ሳይወጣ ይረሳዋል። የከበዳችሁ ከሆነም እዚያው ተናገሩ፣ ይቀነሳል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀዳም ሥዑር፣ ቄጤማ ይታደላል። ካህናቱ ሲያድሉ የሚሉትን ቃል በቃል ስሙት፦ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ»። ሰላምን በመስቀሉ አደረገ፣ ትንሣኤውን ገለጠ። የግሡን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፤ ሰላሙ የተደረገው ዓርብ፣ በመስቀሉ ነው። ቄጤማው እርጥብ ሳለ ቶሎ ይታሰር፤ ከደረቀ ይሰበራል። በግንባር ዙሪያ ታስሮ እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ ይቆያል።