ሰጋቱራው ጎመኑን አስራበው

አቃቂ ዳርቻ ባለ አንድ የሰፈር የጋራ አትክልት ቦታ፣ በጥቅምት የተተከለው የሐበሻ ጎመን ወር ሳይሞላው ገረጣ። የቡድኑ ሰብሳቢ ተረኛውን ልጅ፣ «ውሃ ጠምቶት ነው፤ ጠዋትም ማታም አጠጣው» አሉት። አጠጣ። ጎመኑ ባሰበት።

ውሃ የጠማው ጎመን ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ይህኛው ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ነበር የገረጣው፤ የናይትሮጅን ረሃብ የሚታወቀው በዚህ ነው። አፈሩ በጣት ሲቆፈርም እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ጠለቅ ብሎ ሲታይ መደቡ በጥሬ ሰጋቱራ ተሞልቷል።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የአቃቂ ዋልካ በበጋ እየተሰነጣጠቀ እርጥበቱን ስለሚያጣ፣ የሚያላላው ነገር በእርግጥ ያስፈልገዋል። ሆኖም ሰጋቱራ ውስጥ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ200 እጅ በላይ ካርቦን አለ። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ በዚህ ሽሚያ ተክል ለጊዜው ተሸናፊ ነው።

ውሃው ተቀነሰ፤ በካሬ ሜትር 10 ግራም ያህል ዩሪያ ከግንዱ ራቅ ተደርጎ ተነሰነሰና አፈር ለበሰ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ሆነ፤ የገረጣው ግን ተለቅሞ ተጣለ።

የተረፈው ሰጋቱራ ወደ ብስባሽ ክምር ገባ፦ 1 እጅ ሰጋቱራ፣ 3 እጅ የከብት እበት፣ 3 እጅ የአትክልት ተራፊ። የክምሩ ቁመትም ወርዱም ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ያነሰ ከሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሌሊት ብርድ ሙቀቱን አይዝም። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ እርጥበቱ ልክ ነው። ከሸተተ ውሃ በዝቶበት አየር አጥቷልና ጭድ ጨምሮ ማገላበጥ ነው። መሐሉ ላይ የተሰካ እንጨት ተመዝዞ ሲዳሰስ ካልሞቀ ደግሞ ወይ ደርቋል፣ ወይ እበት አንሶታል። በየሁለት ሳምንቱ ከተገላበጠ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ይደርሳል።

መድረሱን ለማወቅ ከፌጦ የተሻለ መፈተኛ የለም። ብስባሹ ላይ ተዘርቶ በጥቂት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ከበቀለ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ብስባሽ ከላይኛው 15 ሳንቲሜትር አፈር ጋር ይደባለቃል፤ ከቀረ ወይም ከገረጣ ክምሩ ገና ነው። አመድ አይጨመር፤ ለእንጦጦ ቀይ አሲዳማ አፈር ይበጃል እንጂ ለዋልካ አያስፈልግም። ቀለም የነካው ወይም የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ የተጠፈጠፈ ጣውላ) ሰጋቱራ ከግቢው ጭራሽ አይግባ። ንጹሑ ሰጋቱራ ግን ከአፈሩ ጋር ሳይደባለቅ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በ3 ሳንቲሜትር ውፍረት ላዩ ላይ ቢነጠፍ የበጋውን ትነት ይቀንሳል።