ሰጋቱራው ደጅ ሲቀር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአባቴን የሥራ ሸሚዝ አጥቤ አሰጣሁ። ሥራ ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሸሚዙ ግን እስከ ዛሬ ጓሮ ባለው ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ኪሱን ሳራግፍ አንድ ጣት የማትሞላ እርሳስና ጥቂት ሰጋቱራ ወጣ። እርሳሷ በመሮ የተቀረጸች ናት፤ ጫፏ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው፤ ምክንያቱም አባቴ «ሹል ጫፍ ቶሎ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እርሳስ ደግሞ መስመር ያወፍራል» ይል ነበር። ለአናጺ የመስመር ውፍረት ቀላል ነገር አይደለም። የማሽን መጋዝ ሲቆርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራነት ይለውጣል፤ መጋዙ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተወሰነ ያ ስፋት ከሚፈለገው እንጨት ላይ ይጎድልና ወንበሩ አንድ እግሩ አጥሮ ሲወዛወዝ ይኖራል።

ልጅ ሳለሁ በዚህ ሸሚዝ ላይ ቂም ነበረኝ። አባቴ ማታ ሲገባ ሮጬ ልጠመጠምበት ስል እጁን ዘርግቶ ያስቆመኝ ነበር። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልራገፍ» ይለኛል። ከዚያም ጓሮ ዞሮ ሸሚዙን ያወልቅና ያራግፋል፤ ጸጉሩን፣ ቅንድቡን፣ አንገቱንና ክንዱን እስከ ብብቱ ይታጠባል፤ አፍንጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ በውኃ ያጸዳል። እኛን የሚያቅፈን ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን በር ላይ ሲያነሱ እያየሁ፣ የእኔ አባት ለምን እንደሚያስጠብቀኝ አይገባኝም ነበር።

ምክንያቱ የገባኝ አድጌ ስለ ሙያው ማንበብ ስጀምር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ሰነድ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በበቂ ማስረጃ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በዋናነት የሚጠቀሰውም የአፍንጫና በዙሪያው ያሉት ክፍተቶች ካንሰር ነው። አባቴ ይህን ሰነድ አላነበበም። እሱ የሚያውቀው አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ሌሊቱን ሲያስል ማደሩን፣ ታናሽ ወንድሜም በሕፃንነቱ ደረቱ ደካማ መሆኑን ብቻ ነበር፤ ሰጋቱራው ደጃፋችንን እንዳያልፍ ለመወሰን ይህ በቅቶታል።

ጆሮውን ግን ማንም አልጠበቀለትም። የክብ መጋዝና የመላጊያ ማሽን ድምፅ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ይደርሳል። በስፋት በሚሠራበት ስሌት መሠረት ሰው በቀን 8 ሰዓት ሊቋቋመው የሚችለው 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ ለ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ያህል ነው። አባቴ ግን ከእነዚያ ማሽኖች አጠገብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ጉዳት አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ በመሆኑም ከሰው ሁሉ ድምፅ በፊት ከጆሮው የራቀው የእኛ የልጆቹ ድምፅ ነበር። ማታ ማታ አጠገቡ አስቀምጦኝ «ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ንባብ የሚለመደው በድምፅ ነው» ሲለኝ፣ ዓይኑን ከከንፈሬ ላይ አይነቅልም ነበር። ይህን ለዓመታት እንደ ጥሩ ምክር ብቻ ይዤው ኖርኩ። ሊሰማኝ እየታገለ እንደነበረ ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ካወቅሁ ወዲህም ያ ትዝታ ደጋግሞ ዓይኔን በእንባ ይሞላዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። አንድ ደንበኛ ቸኩሎ ጠረጴዛ አዘዘ፤ አባቴ ጣውላው ገና እርጥብ መሆኑን ቢነግረውም ሰውየው አልጠብቅም አለ። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚጠበው በወርዱ ነው። በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ የእንጨቱ እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት፤ በጥላ የሚደርቅ ጣውላም ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ይባላል። ጠረጴዛው በጥቂት ወራት ውስጥ መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ። ሰውየው ሊወቅስ ሲመጣ አባቴ አልተከራከረም። «እያወቅሁ መቁረጥ አልነበረብኝም» ብሎ ጠረጴዛውን መልሶ ወሰደና ለእኔና ለእህቴ አልጋ ሊሠራበት ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረቀውን ጣውላ አውጥቶ እንደገና ሠራለት፤ ተጨማሪ ሳንቲም አልተቀበለም። እናቴ ያን ዕለት ብዙ ቃል አልተናገረችም። እኔና እህቴ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት በአንድ ጠባብ አልጋ ላይ ተጨናንቀን ተኛን። ስሙን ለመጠበቅ የከፈለው ከእኛ ድርሻ ነበር፤ ይህን አንድ ቀን ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ «እውነትሽን ነው» አለኝና ዝም አለ።

አልጋው በመጨረሻ ሲሠራ በምስማር አልተመታም። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ቀርጾ በሌላው እንጨት ጉድጓድ ውስጥ እየሰካ ሁሉንም ማዕዘን አጋጥሞታል። ማንም የማያየውን የታችኛውን ወገን ሳይቀር በመላጊያ አስተካክሎ፣ በመዳፉ ደጋግሞ ዳብሶ፣ ስንጥር አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው ውጡበት ያለን። ዛሬም አይንቋቋም።

ሸሚዙ ደርቆ ሳነሳው አባቴ ወደ ጓሮ ወጣ። በደህና ጆሮው በኩል ቆሜ ማጠቤን ነገርኩት። እጅጌውን ጨበጥ አድርጎ አየና «እርሳሷስ?» አለ። ከመዳፌ አውጥቼ ሰጠሁት። ጫፏን በአውራ ጣቱ ፈተነና በለበሰው ንጹሕ ሸሚዝ የደረት ኪስ ውስጥ ከተታት።