የምታውቀኝ ሴል

«በሩን ክፈቺውና አትግቢ።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀችኝም። ጥርሴን ስፍቅ ትመጣለች፤ ሽንኩርት ስከትፍ ትመጣለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሳ ኮርኒስ ስታስቆጥረኝ ታድራለች። የተናገራት ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ወደ ላቦራቶሪያችን የመጣውም የአይጥ ሳጥን ሊያጥብ ነበር። እንግሊዝኛ «እርስዎ» ስለሌለው በአንቺታ ነው የሰማሁት፤ እሱም ለብቻው ያናድደኛል።

ቦስተን ውስጥ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነኝ። ሥራዬ አይጥ ጭንቅላት ላይ ማይክሮስኮፕ መትከል ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ይህንን ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ «ምነው፣ አጥርታ አታይም?» አለችኝ። መነጽር መስሏት ነው። የለም እማዬ፣ ወደ ውስጥ የሚያይ ነው። አይጧ 25 ግራም ያህል ብትመዝን ማይክሮስኮፑ 3 ግራም አይሞላም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ቀደምቱማ 1.9 ግራም ብቻ ነበር። እንደ ቆብ ደፍታው ትሮጣለች። የአንጎሏ ሴሎች ደግሞ ከጄሊፊሽ የተገኘ አረንጓዴ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን በቫይረስ ተጭኖ ይገባላቸዋል። ሴሉ ሥራ ሲጀምር ካልሲየም ይገባል፣ ፕሮቲኑም ይበራል። ስክሪኑ ላይ ሲታይ የመብራት ፈረቃ ያለባትን ከተማ ሌሊት ከተራራ ላይ ሆኖ እንደማየት ነው፤ አንዱ ሰፈር ሲመጣለት ሌላው ይጠፋበታል።

የምመለከተው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። ሳይንቲስቱ ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ቦታ የሚያውቁ ሴሎችን፣ ማለትም እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ የሚነቁትን፣ ያገኘበት፣ በ2014 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት እሱ ነው። እኔም እንደ ወጉ ቦታ የሚያውቁ ሴሎች እየፈለግሁ ሳለ በአራተኛዋ አይጥ ቁጥር 41 መጣች።

ቁጥር 41 በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች፣ እንደ ጨረቃ የደመቀች ሴል ናት። አይጧ የትም ትሁን የት ግድ የላትም። የምትበራው እኔ ወደ ክፍሉ ስገባ ነው። የማይክሮስኮፑ ገመድ ሲጠላለፍ ልፈታ እገባለሁ፣ ትበራለች። ስኳር ውሃ ልሞላ እገባለሁ፣ ትበራለች። 23 ጊዜ ገባሁ፣ 23 ጊዜ በራች።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሚጥል በሽታ በነበረበት ሰው አንጎል ውስጥ የአሜሪካዊቷን ተዋናይ የጄኒፈር አኒስተንን ፎቶግራፍ ሲያሳዩት የሚነቃ ሴል መገኘቱ ተጽፏል። ለጄኒፈር ካለ ለእኔ የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ?

እስቲ አስቡት። የሕንፃው ጥበቃ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው መታወቂያ ይጠይቀኛል። የዝናብ ቀን፣ የበረዶ ቀን፣ የልደቴ ቀን፣ ሁልጊዜ። አንድ ጊዜ ቡና ገዝቼለት ነበር፤ አመስግኖ ተቀበለና «መታወቂያ» አለኝ። ስሜንማ በበር ላይ ሲለጥፉት ሁለት ፊደል ገደፉ፤ አርሙልኝ ብዬ ባመለክት አንዱን መልሰው ሌላ ሦስተኛ ገደፉ። በዚህ መሃል አንዲት የአይጥ ሴል ታውቀኛለች!

ፈተንኳት። ሽቶ ቀየርኩ፤ አወቀችኝ። ጋውን አውልቄ ገባሁ፤ አወቀችኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ገባሁ፤ አወቀችኝ። አንድ ቅዳሜ ነጠላ ተከናንቤ፣ ዓይኖቼ ብቻ እየታዩ፣ በቀይ መብራት ጨለማ ውስጥ እንደ ጅብ እያደባሁ ገባሁ። ከምንጊዜውም በላይ በራች። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን ሳላበጥር ገብቼ አላውቅም። «እንደምን አደርሽ» ማለትም ጀመርኩ፤ ለአይጧ አይደለም፣ ለሴሏ።

ስወጣም ትበራ ነበር። ይህንን «ስንብት» ብዬ መዘገብኩት።

የካልሲየም ምልክት ፈጥኖ ወጥቶ እንደ ምጣድ ቀስ እያለ እንደሚበርድ የመስኩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቁጥር 41 ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። አይቼዋለሁ። «ቆራጥ ሴል ናት» ብዬ አለፍኩ።

ሌላ ሰው አስገብተሽ ሞክረሻል ወይ የምትሉኝ አላችሁ። አልሞከርኩም። ረስቼው ቢሆን በተሻለ፤ ፈርቼ ነው። ለሌላ ሰው ብትበራስ?

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለዕድሩ ነገረች። አሜሪካ ውስጥ የልጇን መምጣት በአንጎሏ የምታውቅ አይጥ እንዳለች ስታስረዳ፣ ጎረቤታችን እትዬ «እኛ ቤት ያሉትም ያውቁናል፤ ስንገባ ይሸሻሉ» አሉ አሉ። ያን ጊዜ ብነቃ ጥሩ ነበር።

ሰኞ ዕለት ለላቦራቶሪያችን ባልደረቦች አቀረብኩ። 34 ስላይድ። ፕሮፌሰሩ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ ይህንን በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። «ስንብት» የሚለው ስላይድ ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ሳጥን አጣቢው።

«የምትበራው አንቺ ስትገቢ ነው ወይስ በሩ ሲከፈት?»

ዘጠኝ ሰው ተነሥቶ ወረደ። አይጧን ሣጥኗ ውስጥ አስገባን፣ ኮምፒውተሩ ካለበት የጎን ክፍል ሁሉም ስክሪኑን ከበበ። ልጁ ወደ እኔ ዞረና ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። በሩን ከፈትኩ፤ አልገባሁም። ከጎን ክፍል የተነሣው ሳቅ መልሱን ነገረኝ።

ልጁ ከፈተ፤ ለእሱም በራች። ፕሮፌሰሩ ከፈተ፤ በራች። ከዚያ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገ እንደ ሠርግ ቤት መብራት አስጨፈራት። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማይክሮስኮፑ ሌንስ የአይጧ የራስ ቅል አጥንት ላይ የሚጣበቀው በጥርስ ሐኪሞች ሲሚንቶ ሲሆን፣ ብርሃን እንዳያስገባ ጥቁር የካርቦን ዱቄት ይደባለቅበታል። አራተኛዋ ላይ ስደርስ ዱቄቱ አለቀ። ግዢ ክፍል ጠየቅሁ፤ ሦስተኛ ፊርማ ጎድሏል አሉኝ፤ ፈራሚው ዕረፍት ላይ ነበር። በነጩ ሲሚንቶ ለጠፍኩ። በሩ ሲከፈት የኮሪደሩ መብራት በሲሚንቶው ሾልኮ ገባ፤ ሴሎችን የሚለየው ፕሮግራምም ጠርዝ ላይ ያገኘውን ብርሃን ሴል ነው ብሎ 41 የሚል ቁጥር ሰጠው።

ፀጉሬን ሳበጥር የከረምኩት ለኮሪደር አምፖል ነው።

እናቴ ትናንት ደውላ ነበር። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቤ ጠየቀችና በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያቺ ልጅሽስ ደኅና ናት?» አለችኝ። ዕድሩ ይጠይቃል አሉ። «ደኅና ናት እማዬ» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ጥበቃው «መታወቂያ» አለኝ። ቦርሳዬን ስበረብር ሳጥን አጣቢው ልጅ ከኋላዬ መጣ። ጥበቃው በስሙ ጠራው፣ ስለ ፈተናው ጠየቀው፣ በሩንም ያዘለት።