ቡናዬንስ የት ላፈላ?

ባለፈው ሳምንት የምንጣፍ ሱቃችን ቴሌግራም ላይ አንድ ፎቶ ወጣ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለ ሳሎን ነው። ቡናማ ምንጣፍ፣ የሶፋው የፊት እግሮች በላዩ፣ በሩ አጠገብ ገላጣ ሴራሚክ፣ ሴራሚኩ ላይ ረከቦት። ከሥሩ «በባለሙያዎቻችን ምክር የተነጠፈ» ይላል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የላክሁት ለቤቱ ልጅ ነበር። በሱቁ ስልክ ስለላክሁት እዚያው ቀርቶ አለቃዬ አገኘው። ያ ምንጣፍ እንዴት እዚያ ደረጃ እንደደረሰ ስለማውቅ ነገሩ ከነከነኝ።

ልጅቷ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለእናቷ ምንጣፍ ፈልጋ በድምፅ መልእክት አገኘችን። «እህቴ፣ ሳሎኑን ሙልት የሚያደርግ ነገር ስጪኝ። ሴራሚኩ እናቴን እግሯን ይበርዳታል» አለችኝ። ልኩን ወንድሟ ላከ፤ 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ60። መጋዘን ውስጥ 3 በ4 የሆነ የቱርክ ምንጣፍ ነበረን። የጋዚያንቴፕ ሥራ፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ክር፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ። 2 በ3ም ነበር።

ትልቁን መከርኳት። ኮሚሽን አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ስለማምንበትም ነው። ትንሽ ምንጣፍ ሳሎን መሃል ብቻውን ሲቀር ቤቱን ያጠበዋል። የሶፋው የፊት እግሮች ካልቆሙበት ዕቃው የተበታተነ ይመስላል። ይህን ለስንቱ ደንበኛ ስናገር ኖሬያለሁ፤ አሁንም እውነት ነው። ያልጠየቅሁት በሩ ወዴት እንደሚከፈት ነው። በሩ አጠገብ ምን እንደሚደረግም አልጠየቅሁም።

ጥቅሉ ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። የሱቃችን ተሸካሚ ልጆች በየደረጃው መታጠፊያ እያቆሙት፣ እያዞሩት አወጡት። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሶፋውን አንስተን ዘረጋነው። ጸጉሩን በእጄ ዳበስኩት፤ ወደ መስኮቱ ሲተኛ ፈካ ይላል፣ ወደ በሩ ሲተኛ ይጠቁራል። የፈካው ገጽ ከበር ለሚገባ ሰው እንዲታይ አድርጌ አስተካከልኩት። ወዲያው በሩን ልዝጋ ብል አልሄድ አለ። የምንጣፉን ጫፍ እየገፋ ይታጠፍበታል።

እማማ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ግን አልረገጡትም።

«ይግቡ እንጂ እማማ» አልኳቸው።

«የልጄ ላብ ነው። እንዴት አድርጌ ልርገጠው?» አሉ። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ጫፉን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አሹት። «ሱፍ አይደለም» አሉ።

«አይደለም እማማ። ግን ለማጽዳት ቀላል ነው፤ ቀለሙም አይለቅም።»

ዝም ብለው በሩ አጠገብ ያለውን ማዕዘን ተመለከቱ። ምድጃው ግድግዳው ሥር ተገፍቷል፤ ረከቦቱ በላዩ ተደግፏል።

«ቡናዬንስ የት ላፈላ?»

«እዚሁ ነዋ። ቄጠማው ይጎዘጎዝበታል፣ ረከቦቱ ይቀመጥበታል፤ እንዲያውም ያምራል።»

«ፍሙስ?»

«እ?»

«ከሰሉ ሲፈነዳ ፍሙ አይፈናጠርም? እኛ አገር መንዝ ባና ላይ ፍም ሲወድቅ አሮ ይጠፋል። እጅሽን ብታሺበት ይረግፋል። ይሄስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። የከሰል ፍም ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሞቃል። ሱፍ ያራል እንጂ አይቀልጥም። ይሄኛው ግን ሟሙቶ ይደርቃል፤ ምስር የምታክል ጥቁር ጠጠር ሆኖ ጸጉሩ ውስጥ ይቀራል፣ ባዶ እግር ሲረግጠው ይወጋል። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ደንበኛ እንዲህ ያሉ አምስት ጠጠሮች ያሉበትን ምንጣፍ ይዛ መጥታ አይቻለሁ። በጥፍሬ ልፈቀፍቀው ሞክሬ ነበር፤ ጸጉሩን ይዞ ነው የሚነቀለው።

ለእማማ ግን «ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ነው» አልኩ። ልጆቹ ይጠብቁኛል፤ ሌላ ቤት የምናደርሰው ምንጣፍ አለ። እሳቸው ትክ ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም። «እሺ የኔ ልጅ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ደረጃውን ስወርድ ያ «እሺ» አብሮኝ ወረደ።

ከወር በኋላ ከዱባይ ድምፅ መጣ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። «ወንድሜ እናቴ ቡናዋን ደረጃው ላይ ነው የምታፈላው አለኝ። ምንጣፉ እንዳይበላሽ ብላ። ጎረቤቶቿ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። እኔ እንዲሞቃት ብዬ ከቤት አስወጣኋት!» ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሦስተኛውን መስማት አቃተኝ።

ወደ አለቃዬ ሄድኩ። በ2 በ3 እንቀይርላቸው፣ ልዩነቱ ይመለስላቸው አልኩት። «የተዘረጋ ምንጣፍ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፤ እውነቱን ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፍሙን ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ» አልኩት። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? የሚገዛ ሰው ሲጠይቅ ይመለስለታል» አለኝ። ትክክል ነው። ግን ይህንኑ ሰው ዘወትር ሰኞ ጠዋት «ስለ እሳት ነገር ካልጠየቁ አታንሱ» ሲለን እሰማዋለሁ። እማማ ደግሞ ጠይቀዋል። በዚያ ቀን አለመጮሄ ይቆጨኛል።

እሑድ ሜትር፣ ምላጭና ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ይዤ ጀሞ ሄድኩ። ለልጅቷም ለእማማም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ምንጣፍ ከፊቱ አይቆረጥም፤ ጸጉሩ ይበተናል። ገልብጠን ከጀርባው፣ በድሩና በማጉ መስመር፣ እንጨቱን አስደግፌ ቆረጥኩት። ከ4 ሜትሩ 1 ሜትር ከ20 ወጣለት። ምላጩ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ የወፍራም ሸማ መቀደድ ይመስላል። እማማ ፊታቸውን አዞሩ፤ የልጃቸው ላብ ሲቀደድ ማየት ከበዳቸው። እኔም እጄ ተንቀጥቅጧል። ሁለቱንም ቁራጭ ተሸክመን መርካቶ ወስደን ጠርዙን አሰፋሁት። የስፌቱን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ መልሰን ዘረጋነው። ከሶፋው ወደ በሩ 2 ሜትር ከ80 ሄዶ ያቆማል። በሩ ይከፈታል። በበሩና በምንጣፉ መካከል ረከቦት፣ ምድጃና ሁለት በርጩማ የሚይዝ ባዶ ሴራሚክ ቀረ። ከሥራዬ ሕግ አንጻር ምንጣፉ መሃል አይደለም፤ ወደ አንድ ወገን ተገፍቷል። ግን ከዘረጋኋቸው ሳሎኖች ሁሉ እንደ እሱ የተቃና የለም። እማማ ያን ቀን ቡና አፈሉ። ሁለተኛው ቶና ላይ ከሰሉ ጠሽ አለና አንድ ፍም ሴራሚኩ ላይ ወደቀ። በጣታቸው ጫፍ መትተው ወደ ምድጃው ሥር መለሱት። እኔን አዩኝና ፈገግ አሉ። የተረፈውን ቁራጭ የት እንዳደረጉት ስጠይቃቸው መኝታ ቤት ወሰዱኝ። ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ማንም አይተኛበትም።

ፎቶውን ያነሳሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቡና የሚፈላው የት ነው?» ሆኗል። ብዙው ሰው ቆም ብሎ ያስባል፤ እጁን ዘርግቶ የሌለውን ሳሎን ያሳየኛል። ደስ ይለኛል። ባለፈው ወር ግን ሁለት አዲስ ተጋቢዎች መጡ። ሳሎናቸው ሰፊ ነው፤ ሶፋቸው ባለ ማዕዘን። ትልቁን፣ 3 በ4 ያለውን፣ ወደዱት። እኔ ስለ ፍም፣ ስለ ምድጃ፣ ስለ በር አወራሁላቸው። እማማን እያሰብኩ 2 በ3 እንዲወስዱ አግባባኋቸው። ከሳምንት በኋላ ሙሽራዋ ፎቶ ላከች። ምንጣፉ ሳሎኑ መሃል ብቻውን ተኝቷል፤ የሶፋው አንድም እግር አልደረሰበትም። ዕቃው ሁሉ የተራራቀ ይመስላል። ሌላ ቀን ለሌላ ሰው «እንዲህ እንዳታደርጉ» ብዬ የማሳየው ዓይነት ነው።

«ቡና እኮ እኛ ቤት አይፈላም» ብላ ጻፈችልኝ። «በማሽን ነው።»

ቤታቸው ሄጄ ለካሁ። ትልቁ ልክክ ይላል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይተርፋል፣ በሩንም አይነካም። ቅዳሜ ትንሹን ይዘው ይመጣሉ። የተዘረጋ ምንጣፍ ነው። ለአለቃዬ ገና አልነገርኩትም።