ባለ 57ቱን ልውሰድልህ?

ገንዘብ ያዥ ያደረጉኝ ሆኪ ስለማላውቅ ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ ይኼን አስቀድሜ ልናገር።

ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ አንድ የምግብ መጋዘን ነው የምሠራው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ፈረቃ 13 ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ሐበሻ፣ ሌሎቹ ፊሊፒኖ፣ ፑንጃቢና እዚሁ አልበርታ የተወለዱ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው የከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ ኦይለርስ ነው። አንድ አፈንጋጭ ብቻ አለ፤ ካልጋሪ ያደገ የፎርክሊፍት ሹፌር፣ የዚያው የካልጋሪ ቡድን የፍሌምስ ደጋፊ። የሁለቱን ከተሞች ነገር ለሐበሻ ለማስረዳት የጊዮርጊስንና የቡናን ደርቢ ማንሳት ይበቃል፤ እዚህ ግን በመካከል የሦስት ሰዓት መንገድ አለ።

በኖቬምበር 2023 ኦይለርስ ከ13 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ አሠልጣኙን ጄይ ዉድክሮፍትን አባረረ። የእረፍት ክፍላችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ለካልጋሪው ልጅ ግን ሰርግ ነበር። "ተሸነፉ፣ እስከ መጨረሻው ተሸነፉ፤ ሴለብሪኒን ትወስዳላችሁ" ይላቸዋል። ማክሊን ሴለብሪኒ የዚያ ዓመት ድራፍት ቁንጮ ነው የተባለ የቫንኩቨር አካባቢ ልጅ ነው። ድራፍቱ የሊጉ ቡድኖች ወጣቶችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሲሆን፣ ደካማው ቅድሚያ አለው።

መልስ የሰጡት ሽማግሌው ነበሩ። አያቶቻቸው ከዩክሬን የመጡ፣ በመጋዘኑ ከሁሉም የቆዩ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ "አንቱ" የለም እንጂ በአማርኛ ባወራቸው ኖሮ አንቱ ነበር የምላቸው። "የድራፍትን ነገር ለእኛ አትንገረን" አሉና በጣታቸው ቆጠሩ። 2010 ቴይለር ሆል። 2011 ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስ። 2012 ኔይል ያኩፖቭ። 2015 ኮነር ማክዴቪድ። በስድስት ዓመት አራት ጊዜ አንደኛ ምርጫ! ቡድኑ ግን ለአሥር ተከታታይ የውድድር ዘመን ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ አልገባም። ያኩፖቭም ሳይሳካለት ወደ ሩሲያ ተመለሰ።

"ማክዴቪድስ?" አለ የካልጋሪው ልጅ።

"ማክዴቪድን ያመጣልን ዕድል ነው እንጂ መሸነፍ አይደለም። ለእሱ ሲል የተሸነፈው ቡፋሎ ነው።" እውነታቸውን ነው። በዚያ ዓመት የቡፋሎ ደጋፊዎች በገዛ ሜዳቸው አሪዞና የማሸነፊያ ጎል ሲያገባባቸው በደስታ ጮኸዋል። መጨረሻም ወጡ፣ 20 በመቶ ዕድል ያዙ። ዕጣው ግን 11.5 በመቶ ለነበረው ለኤድመንተን ወጣ።

ዕጣ ሲሉ ጆሮዬ ቆመ፤ እንዴት እንደሚወጣም ጠየቅኩ። ከ1 እስከ 14 የተቆጠሩ ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገባሉ፣ አራቱ ይወጣሉ። አራት አራት ሆነው ሊወጡ የሚችሉበት መንገድ 1,001 ነው፤ አንዱ ተጥሎ ቀሪው 1,000 ለቡድኖቹ ይከፋፈላል፣ ለደካማው በዛ ተደርጎ። ሳቄ መጣ። እቁብ ነዋ! አባቴ መርካቶ ውስጥ የእቁብ ዳኛ እንደነበረ፣ በልጅነቴ ዕጣውን የማወጣው እኔ እንደነበርኩ፣ ለዕጣ የሚጠራው ልጅ የማን ስም የት እንዳለ ስለማያውቅ እንደሆነ አወራኋቸው። ወሬዬን ወደዱት። እኔም ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ኦይለርስ በአዲሱ አሠልጣኝ በክሪስ ኖብላክ 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። የድራፍት ወሬ ጠፋ። በማርች ያንኑ የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ለአናሃይም ሰጥተው አዳም ሄንሪክን ሲያመጡ እንኳ ያዘነ አላየሁም። ኤፕሪል ሲገባ ጭቅጭቁ ማን ቢደርሰን ይሻላል ወደሚለው ዞረ፤ ሎስ አንጀለስ ወይስ ቬጋስ? ቬጋስ በ2023 አሰናብቷቸው ዋንጫውን ወስዷል፤ ሎስ አንጀለስን ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ከመጀመሪያው ዙር ሸኝተውታል። ነገሩ እስከ መጨረሻው የጨዋታ ቀን ሳይለይ ቆይቶ ሎስ አንጀለስ ደረሳቸው። ፊሊፒኖው ዶናት ይዞ መጣ።

በማግስቱ፣ ኤፕሪል 19 ቀን፣ ፑል እናዘጋጅ ተባለ። እያንዳንዱ 20 ዶላር አውጥቶ በፕሌይኦፍ ካሉት ተጫዋቾች ስድስት ይመርጣል፤ ጎል አንድ ነጥብ፣ ለጎል ማቀበልም አንድ ነጥብ። አንዴ የተመረጠ ተጫዋች ለሌላ አይሆንም። 12 ሰው፣ 240 ዶላር። ገንዘቡን ማን ይያዝ ሲባል ሽማግሌው ወደኔ ጠቆሙ። "እሱ ይያዝ። ዳኛ ነው፤ ሆኪ ደግሞ አያውቅም።"

ተራውን ከአንድ ሰማያዊ የኦይለርስ ቆብ ውስጥ አወጣሁ። አንደኛ ለሽማግሌው ወጣ፤ ማክዴቪድን ወሰዱ። የካልጋሪው ልጅ የኤድመንተን ሰው አልነካም ብሎ የኮሎራዶውን ማኪነንን መረጠ። ሌሎቹ በልባቸው መረጡ። ድራይሳይትል፣ ሃይማን፣ ቡሻርድ፣ ኑጀንት-ሆፕኪንስ ሁሉ ሄዱ። 11ኛው ተራ የአገሬ ልጅ ነበር፤ እሱ ግን ልጁን ሐኪም ቤት ወስዶ ቀርቷል። ደወልኩለት።

"ልጅቷ እንዴት ናት?" አልኩት። ትኩሳቷ 39 ደርሶ ነበር፣ አሁን በረድ ብሎላታል አለኝ። እግዚአብሔር ይማርልህ፣ ሚስትህስ፣ እናቷ እንዴት ሆነች፣ የታዘዘውን መድኃኒት ገዛችሁ ወይ? ሐበሻ ስልክ ሲደውል እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሥራ አንዱ ሰዎች ዝም ብለው ያዩኛል። በመጨረሻ ወደ ዝርዝሩ ተመለስኩ። በጎል ብዛት የተደረደረ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው የቶሮንቶው ማቲውስ በ69 ጎል ተወስዷል። ከሥሩ ሳም ራይንሃርት፣ ፍሎሪዳ፣ 57 ይላል። ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

"ባለ 57ቱን ልውሰድልህ?"

"ውሰድ ወንድሜ፤ እኔ ምን አውቃለሁ። የቀሩትንም አንተው ሙላልኝ።"

ሞላሁለት። ሁለት ደቂቃ በአማርኛ አውርቼ በእንግሊዝኛ ያልኩት አንድ ቃል ነበር፤ "ራይንሃርት"።

ፕሌይኦፉ ሁለት ወር ፈጀ። ሎስ አንጀለስ በአምስት ጨዋታ፣ ቫንኩቨር በሰባት፣ ዳላስ በስድስት ተሸኙ። በመካከሉ ሜይ 7 የድራፍቱ ሎተሪ ወጣ፤ ሴለብሪኒ ለሳን ሆዜ ሆነ፣ ፍሌምስ 9ኛ ላይ ቀረ። የካልጋሪው ልጅ በዚያ ማታ እራቱን አልበላም። እኔ በየቀኑ ነጥብ እመዘግባለሁ፤ ደብተሬ እንደ እቁብ መዝገብ ንጹሕ ነበር።

በፍጻሜው ኦይለርስ በፍሎሪዳ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ተመርቶ 3 ለ 3 አደረሰው። ሰባተኛው ጨዋታ ጁን 24፣ ሰኞ ነበር፣ በፈረቃችን ሰዓት። ኃላፊያችን ቴሌቪዥኑን ፈቀደችልን፣ እረፍታችንም ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጋር ገጠመ። ያን ዕለት በፑሉ ሽማግሌውና የአገሬ ልጅ እኩል ነጥብ ነበራቸው። ከጨዋታው በፊት ሽማግሌው አንድ ነገር ነገሩን፤ የ2014 ድራፍት የመጀመሪያዎቹ አራት ምርጫዎች፣ ኤክብላድ፣ ራይንሃርት፣ ድራይሳይትልና ቤኔት፣ በሙሉ በዚህ ፍጻሜ አሉ፤ ከድራይሳይትል በቀር ሁሉም በፍሎሪዳ ማልያ። "ቤኔት የኛ ነበር" አለ የካልጋሪው ልጅ። በዚያ ወቅት የመጀመሪያው ቁም ነገሩ ይመስለኛል።

አንድ ለአንድ ሳሉ ራይንሃርት አገባ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የለስላሳ ማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ይሰማል። እኔ ደብተሬን ገልጬ አንድ ነጥብ ጨመርኩ። ጨምሬም ዝም አላልኩ፤ ሥራዬን የምሠራ መስሎኝ የአገሬን ልጅ ስም ጠርቼ "በአንድ ነጥብ መራ" አልኩ።

እንዲህ ያለ ጅልነት ከየት እንደሚመጣ ዛሬም አላውቅም። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ፣ ማክዴቪድ ምንም አላስመዘገበም። የፕሌይኦፉ ኮከብ ተብሎ እንኳ ሽልማቱን ሊቀበል አልወጣም። የእኛ ሰዎች ወደ ሥራ ሲመለሱ አንድ ጭነት አውራጅ ወጣት በአጠገቤ ሲያልፍ "ያን ቀን በቋንቋችሁ የመረጠው ማን ነበር? እሱ ወይስ አንተ?" አለኝ።

ሦስት ቀን በመጋዘኑ ከፎርክሊፍት ጥሩንባ በቀር ድምፅ አልነበረም። ይኼ ቀላል አይደለም። እኛ ፓሌት ስናወርድ እየተጠራራን ነው፤ "ከኋላህ!"፣ "ቁም!"፣ "ና ና!" እንባባላለን። በሦስተኛው ቀን የአገሬ ልጅ ሹካው ከፍ ባለበት ፎርክሊፍት ኋላ ሊያልፍ ሲል አንድም ሰው አልጠራውም። ሹፌሩ በመስታወት አይቶት ቆመ። ምንም አልደረሰም። ኃላፊያችን ግን ከመስኮቷ አይታ ነበርና ጠራችኝ።

ስለ ቁማር ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ የጠየቀችኝ ግን ያንኑ የወጣቱን ጥያቄ ነው። "እሱ ፈቀደልኝ፣ እኔ ደግሞ ሆኪ አላውቅም፤ ታዲያ እንዴት አዳላለሁ?" አልኳት። ሳወራው ለራሴም አስቀየመኝ። የአባቴን እቁብ አወራሁ እንጂ ሕጉን ረስቼው ነበር። እዚያ ዳኛ ነበር፣ ጸሐፊ ነበር፣ ዋስ ነበር፤ አባቴ ለቀረ ሰው እጁን ወደ ዕጣው ሰዶ አያውቅም። ዕጣ የማወጣው ልጅ ባለማወቄ ንጹሕ የነበርኩት ስሞቹ ስለተጠቀለሉ ነው። ዝርዝር ገልጦ ትልቁን ቁጥር የሚፈልግ ሰው ግን መራጭ ነው፣ ሆኪ አወቀም አላወቀም።

ገንዘቡን ለሁለት እናካፍል ብዬ ለአገሬ ልጅ ሳማክረው ፊቱ ተለዋወጠ። "ካካፈልክ ሰርቀናል ማለት ነው። እኔ ገንዘቡን አልፈልግም፣ ስሜን ግን አታጉድፍ።" ትክክል ነበር። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ቆሜ የዚያን ቀን የስልክ ወሬያችንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረጎምኩላቸው። ትኩሳቱን፣ መድኃኒቱን፣ የሚስቱን ጤና፣ እግዚአብሔር ይማርልህን፣ ባለ 57ቱን። የቀሩትንም የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ማድረግ እንዳልነበረብኝም ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ አገሬ ልጅ ዞረው "ልጅቷ ዳነች?" አሉ።

"ድናለች።"

"እንግዲያው ገንዘቡን ስጠው" አሉኝ።

ወጣቱ አልሳቀም፣ ግን ያን ማታ ፓሌት ሲያወርድ "ከኋላህ!" ሲል ሰማሁት።

በኤፕሪል 2025 ደብተሩን እንደገና ሰጡኝ፣ እኔም ከዕጣው በፊት ሕግ ጻፍኩና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩ። የቀረ ሰው ምርጫውን በቅደም ተከተል ጽፎ በፖስታ ይተዋል፤ ደብተር ያዡ አይመርጥም፣ በስልክም አይመረጥም። አራተኛ የወጣው ለሽማግሌው ነበር፤ የኤድመንተን ሰዎች ገና አላለቁም ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ክፍሉን በሙሉ አዩና "ራይንሃርት" አሉ። የተቃወሙትን ስሞች እዚህ አልጽፍም፤ ብዙ ናቸው።

ኦይለርስ ያን ዓመትም ፍጻሜ ደረሰ፣ ያንኑ ፍሎሪዳን አገኘ። ጁን 17 በስድስተኛው ጨዋታ ራይንሃርት ብቻውን አራት አገባ፣ 5 ለ 1 አለቀ። ሽማግሌው በየጎሉ ፊታቸው እየጠቆረ ወደኔ ዞረው ጣታቸውን ያነሱ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እኔም እየጻፍኩ ነበር፣ ድምፄን ሳላሰማ።