ከሰልስት በኋላ

በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ የገንዘብ ያዣችን እናት አረፉ። ቢሮው ግማሽ ቀን ተዘግቶ በሰርቪስ ለቅሶ ደረስን። ያዋጣነውን ሰጠን፣ ንፍሮ ቀመስን፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለን ተመለስን። የሚገባንን ሁሉ ያደረግን መስሎኝ ነበር።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወላጅ የሞተበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል። ቀብር፣ ሰልስት፣ አለቀ። ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲገጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መውሰድ ይቻላል። ይህን አውቃለሁ፤ የወር መዝጊያ ስለነበር ግን አልነገርኳትም። ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ጥቁር ለብሳ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቼክ ከባንክ ተመለሰ። በአሃዝ 84,500፣ በፊደል ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ይላል። ዕቃ አቅራቢው ቢሮ ድረስ መጥቶ ጮኸ። እኔም ሰው ፊት ተቆጣኋት። ቼኩ ላይ የእኔም ፊርማ ነበረበት፤ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ያኔ ምንም አልመለሰችልኝም። ሰው ሲወጣ በሬን አንኳኩታ ገባች።

"ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የጻፍኩት።"

"ስድስት ሰዓት ላይ ምን አለ?"

"እማዬ በየቀኑ በስድስት ሰዓት ትደውልልኝ ነበር፤ ምሳ በላሽ ወይ ብላ። አሁንም ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን አያለሁ።"

ወንበር ሳብኩላት። "በርቺ" ልላት ነበር፤ ሁላችንም ስንላት የሰነበትነው ግን እሱን ነው። ታለቅሳለች ብለን ፈርተን እናቷን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ስማቸውን እንኳ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ታወቀኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ነበር።

"የእናትሽ ስም ማን ነበር?"

ነገረችኝ። ከስሙ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ጉሊት ድንችና ሽንኩርት እየሸጡ ነው ያሳደጓት። ፊደል አልቆጠሩም፤ የዱቤ ሒሳብ ግን በቃላቸው ይዘው አንድ ሳንቲም አይስቱም። መደመር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አለቀሰች፣ መሃል ላይ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ቼክ ጠዋት ብቻ እንዲጻፍ አደረግን። እኔም አሃዙንና ፊደሉን ሳላመሳክር አልፈርምም፤ ድሮም ሥራዬ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከባልደረቦቿ አንዷ ምሳ ይዛት ትወጣለች። አንዳንድ ቀን "ዛሬ ይቅርብኝ" ትላለች፤ እንተዋታለን።

ለአርባው ሕጉ ቀን አይሰጥም። ከዓመት ፈቃዷ አንድ ቀን ወሰደች። ሦስት ሆነን በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህኑ የክርስትና ስማቸውን ጠርተው ሲጸልዩ አጠገቧ ቆመን ነበር። ከዚያ ቤቷ ገብተን ስለ ጉሊቱ ያልነገረችኝን ስታወራ እስከ ቀትር ቆየን።