ፊደሉን ከፎቶው ውስጥ አወጣሁት

እትዬ የዘጌ ቡና ቆልተው፣ አሽገው ይሸጣሉ። ሱቃቸው ባሕር ዳር ነው፤ ከጀልባ መሳፈሪያው ብዙ አይርቅም። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ የሚመለስ እንግዳ ጎራ ይላል፣ ግማሽ ኪሎ ይይዛል፣ በዚያው ይሄዳል። የሚቀረው አንድ ደብተር ነው። «አዲስ ቡና ሲገባ ንገሩን» ያሉ ደንበኞች ስማቸውንና ኢሜይላቸውን በእጃቸው ጽፈውበታል። ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ዋሽንግተን ናቸው።

«ልጄ፣ እስቲ እነዚህን ሰዎች ጥራልኝ» አሉኝ።

እኔ የማውቀው ፖስተርና ባነር ነው። የሰርግ፣ የምርቃት፣ የካፌ መክፈቻ። ኢሜይሉም ያው ፖስተር ነው ብዬ ተነሳሁ። ጀምበር ስትጠልቅ ጣና ላይ ያለች የደንገል ታንኳ ፎቶ አነሳሁ። መልእክቱን በሙሉ በጌጠኛ የአማርኛ ፎንት ፎቶው ላይ ጻፍሁበት። ዋጋ፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ሦስት ዓይነት ቅናሽ። አንድ ትልቅ ምስል አድርጌ ላክሁት። በጣም ወድጄው ነበር።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ አንዲት ደንበኛ መለሱ። «ባዶ ኢሜይል ደረሰኝ። ደኅና ናችሁ?» ይላል።

አውትሉክ የሚባለው የቢሮ ኢሜይል መክፈቻ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣን ምስል ሳይፈቀድለት አያሳይም። ደንበኛዋ ያዩት ባዶ ሳጥን ነው። በስልክ የከፈቱትም ብዙ አልተጠቀሙም። ሰፊው ምስል በስልኩ ልክ ሲጠብ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ሆነ። ስልክ ቁጥሩን ቢነኩት አይደውልም፤ ምስል ነዋ። ስልኩ ጽሑፍ እያነበበለት የሚጠቀም ዓይነ ስውር ደንበኛ ቢኖር ደግሞ ከእኔ ኢሜይል አንድ ቃል አይሰማም ነበር። ይህኛው እስካሁን ይከነክነኛል።

ሰዓቱንም ተሳስቻለሁ። እትዬ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላክ» ብለውኝ ነበር። እኔ መላኪያው ላይ 2:00 ኤኤም ሞላሁ። ኢሜይሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሄደ። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት መለያየቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ቸኩዬ ነው። አሁን ሁለቱንም ሰዓት ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሳልጽፍ አልነካውም። ዝርዝሩንም ለሁለት ከፈልሁት። ለአዲስ አበባዎቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እልካለሁ። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር ለእነዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ እዚያ ረፋድ ይሆናል።

ሁለተኛውን ኢሜይል ከመሥራቴ በፊት ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ሱቅ ሄድሁ። «እኚያ ሴትዮ አሁን በዚህ በር ቢገቡ መጀመሪያ ምን ይሏቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ ለማሰብም አልቆዩ። «ዛሬ የቆላሁት የዘጌ ቡና አለ ነዋ የምላት!»

ርዕሱ ይኸው ሆነ፦ «ዛሬ የተቆላ የዘጌ ቡና አለ»። ስልክ ላይ የኢሜይል ርዕስ ቶሎ ይቆረጣል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ሰፊ ነው። ዋናው ቃል ከፊት ካልመጣ አይታይም። ሦስቱን ቅናሾች አወጣኋቸው። ሦስት ነገር የጠየቁት ሰው አንዱንም አይመርጥም፤ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ያልፋል።

አሠራሩም ቀለለ። 600 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ስፋት ያለው አንድ ዓምድ። ከላይ ትንሽ ሎጎ፣ ከሥሩ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ሦስት አራት መስመር፣ መጨረሻ ላይ «ቡናዬን ልዘዝ» የሚል አንድ በተን። ጽሑፉ በሙሉ ከፎቶው ወጥቶ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ሆነ። ፎቶው ባይከፈት እንኳ በቦታው «ትኩስ የተቆላ ቡና በሰፌድ» የሚል ይነበባል።

ስለ ፊደላችን ትንሽ ልቆይ። የማገኘው የኢሜይል ዲዛይን ምክር ሁሉ ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነበር። «ርዕሱን በትልልቁ ሆሄ ጻፍ» ይላል። የእኛ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም። ማጉላት የምንችለው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። ውፍረቱም ጣጣ አለው። ትንሽ ፊደል ሲወፍር ዓይኑ ይደፈናል፤ «ጨ»ን ከ«ጬ» ለመለየት ማፍጠጥ ይመጣል። ስለዚህ ከ14 ፒክስል ወደ 18 ወጣሁ። በመስመርና በመስመር መካከልም አየር ሰጠሁት። ጌጠኛው ፎንቴ ሎጎው ላይ ብቻ ቀረ። ጂሜይል እኔ የመረጥሁትን ፎንት አያወርድልኝም፤ የሚታየው አንባቢው መሣሪያ ላይ ያለው ነው። አንድሮይድ ላይ ኖቶ፣ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ደግሞ «ከፋ» የሚባለው ፎንት። በእነዚህ በሁሉም እንዲያምር አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ሌላም አለ። ጂሜይል የተሠራበት ኮድ ከ102 ኪሎባይት ያለፈን ኢሜይል ታቹን ይቆርጠዋል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እኔ ጽሑፉን ከማይክሮሶፍት ወርድ ገልብጬ ስለለጠፍሁ ብዙ ትርፍ ኮድ አብሮ ገብቶ ነበር። ሙከራው ላይ የተቆረጠው ከዝርዝሩ መውጫ ሊንኩ ያለበት ክፍል ሆነ። ጉግል ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ኢሜይል ወደ ጂሜይል የሚልክ ነጋዴ መውጫውን በአንድ ንክኪ እንዲያደርግ ያስገድዳል። እኛ እዚያ ቁጥር አጠገብም አንደርስም። ቢሆንም መውጫውን በግልጽ አስቀመጥሁት። እንግዳን በር ዘግቶ ማቆየት ነውር ነው። ከግል ጂሜይል መላክንም ትተን የሱቁን ዶሜይን (የራሱን የኢንተርኔት ስም) ይዘናል፤ ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡትን ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉ ቅንብሮች አስተካክለናል።

ቀለሙን የፈተንሁት ሐይቁ ዳር ነው። ስልኬን ይዤ በእኩለ ቀን ፀሐይ ወጣሁ። ጥቁር አረንጓዴ ላይ ያስቀመጥሁት ቡናማ በተን ጨርሶ ጠፋ። ነጭ ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ቡናማ አደረግሁት። ማታ ስልኩን ዳርክ ሞድ (ጀርባው የሚጠቁርበት ገጽታ) ላይ ሳደርገው ደግሞ ጥቁሩ ሎጎ ከጀርባው ጋር ተዋሐደ። ዙሪያውን ነጭ መስመር ሰጠሁትና ተመለሰ።

ሊላክ ሲል እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ፎቶው ላይ ከስኒዎቹ አጠገብ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነበር። «ልጄ፣ በሁዳዴ ቅቤ?» አሉኝ። እኔ የፎቶውን ብርሃን ብቻ ነበር ያየሁት። ዳቦውን አንስተን ቆሎ አስቀመጥንና እንደገና አነሳን።

ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ቁጥር ብዙም አላምነውም። አፕል ሜይል ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው ባይከፍተውም ምስሉን ቀድሞ ማውረድ ስለጀመረ ያልተከፈተውም እንደተከፈተ ይቆጠራል። እኔ የምቆጥረው በተኑን የነኩትንና መልስ የጻፉትን ነው።

ከመለሱት አንዷ እኚያው የአዲስ አበባዋ ደንበኛ ናቸው። «አሁን ይነበባል። አንድ ኪሎ፣ ግን እንዳይፈጭ» ብለው ጻፉ። እትዬ ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረዱ። ስማቸውን ፈልገው ከጎኑ በእስክሪብቶ «ያልተፈጨ» ብለው ጻፉበት።